የሰምበሌጥ ሜዳ ልኬት

በሰምበሌጥ ሜዳ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤቱን ሲያገኝ «እንደምን አደርክ» ከማለቱ በፊት «ምድሩ እንዴት አደረ?» ይላል። መልሱ የሚነበበው በውኃ ቧንቧው አናት ላይ ካለችው ትንሽ መብራት ነው። አረንጓዴ ከሆነች ምድሩ ጤነኛ ነው፣ ቧንቧውም ሙሉ ይወርዳል። ቢጫ ከሆነች ልኬት ቀርቧል፣ ውኃውም ይቀጥናል። ቀይ ስትሆን ያየ ሰው በሰምበሌጥ ሜዳ የለም። ያዩት የጎረቤት መንደር ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ አሁን እዚያ የሉም።

ይህ ቆላ በአያቶቻቸው ዘመን የሣር አገር ነበር። ግራሩ እዚህም እዚያም ጥላውን ጥሎ ይቆማል፣ ከሥሩ ሰምበሌጡ ተንዠርግጎ ይወዛወዛል፤ ከብት ሲገባበት የሚታየው ቀንዱ ብቻ ነበር ይባላል። ከዚያ ዓለም ሁሉ ዛፍ መቁጠር ጀመረ። ብዙ ዛፍ ያለው አገር ጥሩ አገር ሆነ፤ መቁረጥም፣ ሣር ማቃጠልም ተከለከለ። ዛፉ በዛ። ከዛፉ ሥር ቁጥቋጦው በዛ፣ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ጠፋ። ነገሩ ስህተት መሆኑ ሲታወቅ ለዛፍ ጥግግት ልክ ተበጀለት፤ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ። ከታችኛው ልክ ያነሰ ምድር «የተራቆተ» ይባላል፣ ከላይኛው ያለፈ ደግሞ «የታፈነ»። የሁለቱም ሕመም መድኃኒት ግን አንድ ነው፦ ሰውና ከብት ይወጣል፣ ምድሩ ያርፋል። የሰምበሌጥ ሜዳ ሽማግሌዎች «አረፈ» የሚለውን ቃል ድሮ የሚያውቁት ለሞተ ሰው ነበር።

ፋንታየ ቢሆነኝ ከዚህ መንደር ወጥታ በምድር ጤና ጽሕፈት ቤት ለኪ የሆነች ሴት ናት። ከሰማይ የሚያየው ዓይን የትልልቁን ዛፍ አናት እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። ስለዚህ ጫካው ውስጥ በእግሩ ገብቶ ከጉልበት በላይ የቆመውን ግንድ ሁሉ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ማን የት እንደሚሄድ የሚመድበው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ዘመድ አያውቅም። ስሟን ከሰምበሌጥ ሜዳ ጋር አጣምሮ ያወጣ ዕለት ለአለቃዋ ለአቶ ናሆም «የአባቴ አገር ነውና ሌላ ሰው ይመደብ» ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ሌላ ሰው ቢሄድ የሚሆነውን ታውቃለች። እሷ ብትሄድ የሚሆነውን ግን አታውቅም፤ ያ አለማወቅ ተስፋ መሰላት።

መኪናው መንደሩ ዳር አውርዷት ተመለሰ። አባቷ አቶ ቢሆነኝ ቆዳቸውን ታጥቀው፣ ለእሷም ሌላ ቆዳ በትከሻቸው ይዘው ቆመው ነበር። እዚያ አገር ሰው ከቤት ሲወጣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ የከብት ቆዳ ይታጠቃል፣ ሕፃን ሳይቀር። ከቤት ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ መቃብር የሚወስዱት መንገዶች ሰውን በጎኑ ካልሆነ አያሳልፉም። ልጆች ከጨዋታ ሲመለሱ እናቶች ክንዳቸውን ወደ ብርሃን እያዞሩ እሾህ ይለቅማሉ። ከብት የሚፈለገው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ሰማይ ማየት ያማረው ደግሞ የውኃ ታንከሩ ላይ ይወጣል።

«ከስተሻል» አሏት አባቷ ቆዳውን ሲያስታጥቋት።

«እርስዎም ከስተዋል አባባ።»

«እኔስ ከቡሬ ጋር ተስማምተን ነው» አሉ። ቡሬ የቀረቻቸው አንዲት ላም ናት። ቀሪዎቹ በየተራ አልቀዋል። እሷም ከቁጥቋጦው የቀነጠሱላትን ቅጠል እያላመጠች የምትሰጠው ወተት በማንኪያ የሚለካ ነበር።

በማግሥቱ ፋንታየ ሥራ ጀመረች። ሥራው ላየው ቀላል ነው። መሣሪያው በነገራት ቦታ አራት ችካል ትተክላለች፣ በገመድ አያይዛ ካሬ ታበጃለች፣ ከዚያ ውስጡን እየተመላለሰች እያንዳንዱን ግንድ ትነካለች። በነካች ቁጥር ወገቧ ላይ ያለው መቁጠሪያ ድምፅ ይሰጣል። በመጀመሪያው ካሬ ውስጥ እንደ አውሬ በአራት እግሯ ነበር የምትሄደው። ከላይዋ ግራር፣ ከጎኗ ቁርቁራ፣ ከሥሯ ደግሞ ጣት የማያክል ለጋ ዛፍ እንደ ፀጉር ተጠቅጥቆ በቅሏል። መሬቱ ራቁቱን ነው፤ አንድ የሣር ዘለላ አላየችም። የካሬውን ግማሽ ሳትጨርስ የላይኛው ልክ ታለፈ። መቁጠሪያውን አጠፋችና እዚያው እሾሁ መሃል ተቀመጠች። ልኬቱን ለማስገባት እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አላት። ከዚያ በኋላ መብራቷ ትቀላለች፣ የጭነት መኪኖቹ ይመጣሉ፣ ሰዉም ከተማ ዳር በተደረደሩት የብረት ቤቶች ውስጥ ይታደላል። የጎረቤት መንደርን ሰዎች እዚያ አይታቸዋለች። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ታናሽ ወንድሟ አበጀ ደጃፉ ላይ ጠበቃት።

«ታፍኗል አይደል?» አላት።

«ገና አልጨረስኩም።»

«እታለም፣ ፊትሽ ጨርሷል እኮ።»

አበጀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀንሰሽ አስገቢዋ! መቁጠሪያው ያንቺ፣ እጁ ያንቺ። ማን ያይሻል?»

«ከሰማይ ካለው ጋር ያመሳክሩታል። ብደብቅም ትንሽ ነው የምደብቀው። ደግሞስ ጤነኛ ነው ብዬ ባስገባ ምን ይገኛል? ይሄው ቁጥቋጦ እስከሚቀጥለው ልኬት እንዳለ ይቆያል። እስከዚያ ቡሬ ትቆያለች? ሌላውስ ከብት?»

«ሁለቱም መንገድ ገደል ነው በይኛ» አሉ አባቷ ከውስጥ። ቡሬን ያሹ ነበር፣ እጃቸው አላቆመም። «ጆሮ የሌላቸውስ?» አሉ።

ጆሮ የሚሉት ጽሕፈት ቤቱ ክንድ በሚያክል ግንድ ሁሉ ላይ የተከላትን፣ ጥፍር የምታህል ነገር ነው። መጥረቢያ ሲያርፍ ትሰማለች፣ መጋዝ ታውቃለች፣ ክብሪት ሲጫር እንኳ ታሸታለች። ለጋዎቹ ግን ጆሮ የላቸውም።

«ቢቆረጡ ጉቶው ይመሰክራል» አለች ፋንታየ። «ደግሞ አንዱ አምስት ሆኖ ነው የሚያቆጠቁጠው።»

«ማን ቁረጡ አለ? መንቀል ነው እንጂ።»

«አባባ፣ መሬቱ እኮ ድንጋይ ሆኗል። ሥሩ አይለቅም።»

«ከራሰ ይለቃል።»

ሦስቱም ግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ዞሩ። ቢጫ መብራት ከበራ ወዲህ ቧንቧው የሚሰጣቸው ለመጠጥ የማትበቃ ውኃ ነበረች።

በማግሥቱ መንደሩ ቧንቧው ጋ ተሰበሰበ። ፋንታየ ካሬዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ነገረቻቸው። ይህን መናገር በሕግ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች፤ እነሱም ያውቃሉ፣ ስለዚህ ማንም አላመሰገናትም። እትየ ደብሬ የምትባል፣ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ተነሣች።

«ውኃውን ለእሾህ አጠጥተን ልጆቹን ምን እናጠጣ?» አለች።

ሰዉ መሬት መሬት አየ። እሷም መልስ እንደማይመጣ ሲገባት ቤቷ ሄዳ ጀሪካኗን አምጥታ መሃል ላይ አስቀመጠች።

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ከቧንቧው የተቀዳው ውኃ ለሁለት ይከፈላል። ጥቂቱ ለአፍ፣ የቀረው ለመሬት። አንዱ በጣሳ ያንጠባጥባል፣ ሌላው አፈሩን በጣቱ እየቧጠጠ ሥሩን ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ኋላ ይስባል። ጆሮዎቹ የሰው ንግግር አይሰሙም ተብሎ ነበር፤ ግን ማንም አላመነም፣ ስለዚህ ሰዉ እንደ ዲዳ በእጁ ተነጋገረ። ሕፃን ሲያለቅስ ይዘውት ይሸሻሉ። የተነቀለውን ማቃጠል አይቻልም፣ ሜዳ ላይ መጣልም አይቻልም። ስለዚህ እየተሸከሙ ቤታቸው አስገቡት። ከግድግዳው ሥር ጀመረ፣ ወደ ምድጃው ተጠጋ፣ ኋላም አልጋው ላይ ወጣ። ሰው በገዛ ቤቱ ከእሾህ ክምር ጋር ተኛ። እንግዳ ቢመጣ በሩን ከፍቶ «ግቡ» የሚል በመንደሩ አልቀረም።

የሰው ከንፈር ተሰነጠቀ። አንዲት አሮጊት አፈሩ ላይ እንደተንበረከከች ራሷን ሳተች፤ ስትነቃ የጠየቀችው ውኃው ፈሶ እንደሆነ ነበር። ፋንታየም የጽሕፈት ቤቱን ልብስ አውልቃ ከእነሱ ጋር ነቀለች። ጥፍሮቿ ተነሡ። ሲመሽ እጇን ጨርቅ አልብሳ፣ ካሬዎቹን በሐሳቧ እየዞረች፣ የቀረውን እየገመተች ትተኛለች። ሁሌም ብዙ ይቀር ነበር።

ከብቱ ውኃ ቀረበት። አበጀ ለቡሬ አንዲት ጣሳ ውኃ እንዲሰጧት አባቱን ለመነ።

«ለእሷ ከሰጠን ለሁሉም ላም መስጠት አለብን» አሉ አቶ ቢሆነኝ። «እኔ የመጀመሪያው ሰው አልሆንም።»

«ትሞታለች እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ቡሬ ሁለት ቀን ተኝታ ቆይታ ሞተች። አበጀ ሬሳዋ አጠገብ ቆሞ «ገደሏት!» አለ። አባቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሽማግሌው ጣሳቸውን አንሥተው ወደ ካሬው ሄዱ። ፋንታየ ስትከተላቸው ተንበርክከው አገኘቻቸው። ሥር እየሳቡ ነበር፤ ትከሻቸው ግን ከሥሩ ጋር በማይገናኝ ሁኔታ ይንቀጠቀጣል። አጠገባቸው ተንበረከከችና ያንኑ ግንድ አብራቸው ሳበች።

ወሩ ሲያልቅ ለካች። አሁን በካሬዎቹ ውስጥ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። ትልልቆቹ ግራሮች ብቻቸውን ቆመዋል፤ ብርሃን በመካከላቸው አልፎ መሬት ላይ ወድቋል። መቁጠሪያው በየተወሰነ ጊዜ አንዴ ድምፅ ይሰጣል። የመጨረሻውን ካሬ ዘግታ ላከችው። በነጋታው ጠዋት መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

ሰዉ አልጮኸም፣ አልዘለለም። ቧንቧው ሙሉ ሲወርድ እጁን፣ ፊቱን፣ ራሱን ከሥሩ አደረገ። እትየ ደብሬ የልጅ ልጇን ከነልብሱ ነከረችው። ልጁ በድንጋጤ ጮኸ፣ እሷም ሣቀች። በሰምበሌጥ ሜዳ በዚያ ወር የተሰማው ሣቅ እሱ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አለቃዋ ናሆም ደወለላት። ድምፁ እንደ ወትሮው ጨዋ ነበር።

«ወይዘሮ ፋንታየ፣ ልኬትዎ ደርሶናል። ጥግግቱ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበን አካሄዱ ነው።»

«አካሄዱ ማለት?»

«ካለፈው ልኬት ወዲህ የጠፋው ለጋ ዛፍ እጅግ ብዙ ነው። ሽማግሌ ዛፍ አለ፣ ልጅ ግን የለም። በዚህ አካሄድ ሲሰላ ምድሩ በጥቂት ዓመት ይራቆታል። ከመራቆቱ በፊት እንዲያርፍ ተወስኗል። ክረምቱ ሳይገባ መኪኖቹ ይመጣሉ።»

ፋንታየ ስልኩን ዘግታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ቢሆነኝ አልተቆጡም። ቆዳቸውን መታጠቅ ጀመሩ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ከተማ። ዛፉ ራሱ አልሞተም፣ እኔ ነቀልኩት እላለሁ። እኔ ምን ቀረኝ? ይሰሩኝ።»

«አይሆንም አባባ። ነዋሪ ካጠፋ መንደሩ በሙሉ ነው የሚጠየቀው። ያን ጊዜ ለሰበብም አይቸገሩም።» ይህን ስትል ገና የሚቀጥለው ቃል አልመጣላትም ነበር። ሲመጣላት መደቡ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ግን የዚህ ነዋሪ አይደለሁም። መዝገቡ ላይ የከተማ ሰው ነኝ።»

ሽማግሌው የቆዳውን ማሰሪያ እንደያዙ ቀሩ። «አይ» አሉ። «አይ፣ አይ።» አበጀ ግን ወጥቶ ሻንጣዋን ይዞላት መጣ። ከቡሬ ሞት በኋላ ለአባቱ ያዘነበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊታቸውን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

ከተማ የደረሰች ዕለት ዝናብ ጀመረ። ናሆም ቢሮው ውስጥ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ቃሏን ሊቀበል ማሽኑን አበራ። «ለጋዎቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ» ስትለው ጣቱን ከማሽኑ ላይ አነሣ።

«ብቻዎን?» አላት።

«ብቻዬን።»

«ወይዘሮ ፋንታየ፣ ይህ ሁሉ ካሬ ነው። አንድ ሰው ይህን በአንድ ወር ይነቅላል?»

ጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አያቸው። ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ዝናቡን ሲያይ ቆየ። ሲመለስ ድምፁ ያው ጨዋው ድምፅ ነበር።

«እንደገና ልጠይቅዎ፣ ለመዝገቡ ነው። የረዳዎት ነዋሪ አለ?»

«የለም።»

«ያየ፣ የሰማ?»

«እዚያ ጫካ ውስጥ ሰው ክንዱን እንኳ አያይም።»

መዘገበው።

ውሳኔው ሲወጣ አጭር ነበር። አጥፊ የለካው ልኬት አይጸናም። የመኪኖቹ ጉዞ ይዘገያል። ከክረምቱ በኋላ ሌላ ለኪ ሄዶ ምድሩን እንደ አዲስ ይለካል። ፋንታየ ቢሆነኝ ስድስት ዓመት ትታሰራለች፣ ከዚያም በኋላ ማንኛውም የሚለካ ምድር ላይ እግሯን አታሳርፍም። ፋንታየ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለመንደሩ የገዛችው አንድ ክረምት ነው። ሌላ ምንም የለም።

ወደ እስር ቤት ከመግባቷ በፊት የጽሕፈት ቤቱን ችካሎች በገዛ እጇ ነቅላ እንድትመልስ ደንቡ ያዛል። ዝናቡ ገፋ ሲል በአንድ መኪና ወሰዷት። ሾፌሩም ጠባቂውም አንድ ሰው ነው፣ ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት። ከካሬ ወደ ካሬ አብሯት እየዞረ፣ የጫማው ጭቃ እያስጠላው፣ ችካሎቹን ተቀብሎ ይቆጥር ነበር።

ሣሩ ወጥቶ ነበር። ፋንታየ መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። እነዚያ ራቁት የነበሩ ካሬዎች ከግራሮቹ ሥር እስከ ጉልበት አረንጓዴ ለብሰዋል። እነሱ ባጠጡት ውኃ፣ በለቀቁት ብርሃን፣ ስንት ዓመት አፈር ውስጥ የቆየ ዘር ተነሥቷል። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ሌላም ነገር አየች። በሣሩ መካከል፣ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቶ፣ ግራሩም ቁርቁራውም እንደገና በቅሏል። ሥፍር ቁጥር የለውም።

አቶ ቢሆነኝ በመጨረሻው ካሬ ጠበቋት። ጠባቂው ትንሽ ፈቀቅ አለላቸው። ሽማግሌው በክንዳቸው አንድ እቅፍ የታጨደ ሣር ይዘዋል።

«አየሽው?» አሏት።

«አየሁት አባባ።»

«ጠዋት ተነሥቼ አጨድኩት። ከዚያ ለማን እንደማበላው ጠፋኝ።»

ሣሩን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ ምን እንደምታደርገው ግን እሷም አላወቀችም። ስለዚህ ሣሩን መሃላቸው እንዳለ አቅፋቸው ቆመች። ጠባቂው ሳል አሰማ። ጆሯቸው ሥር «ቡቃያውን አይተውታል?» አለች በሹክሹክታ። ሽማግሌው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ሴቶቹ ከትናንት ጀምረዋል፣ እዚህም እዚያም አንዳንዱን እየተዉ» አሉ።

መኪናው ከመንደሩ ሲወጣ በግራ በኩል ሰፊው ሣር ተገለጠ። ውስጡ ሰዎች ጎንብሰዋል፣ ከሃያ የማያንሱ ሴቶችና ሽማግሌዎች። በመስመር ሆነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በጣታቸው ከሣሩ ሥር አንድ ነገር እየነቀሉ በሽርጣቸው ይከታሉ። ከዳር እትየ ደብሬ አለች፣ ልጁን እንዳዘለች። ማንም ቀና አላለም። አዲሱ ለኪ ከመድረሱ በፊት ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ጎንብሰው ሊያሳልፉት ነው፤ ቡቃያው ደግሞ ከእጃቸው ይፈጥን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ሣር እያጨዱ ነው» አለች ፋንታየ።

«ሣር?» ሣር ሲታጨድ አይቶ አያውቅም ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ደንቆት ሊያይ መኪናውን አዘገየው፣ ኋላም ሊያቆመው ምንም አልቀረው። የሴቶቹ መስመር በሙሉ ሳይንቀሳቀስ ደረቀ።

«ንዳው ወንድሜ» አለችው ፋንታየ፣ በተጠቀለለ እጇ ክንዱን ይዛ። «እባክህ ንዳው። ይመሽብናል።»